እቴቴ ወለተ ሐና እና የቆቅ ውሃ ቄጤማ

እቴቴ ወለተ ሐና ቦዩ ውስጥ ገብታ የተቀመጠች ዕለት ዶማና አካፋ ይዘን የቆምነው ዘጠኝ ወንዶች ነበርን። ቦዩን የቀየስኩት እኔ ከፋለ ነኝ። ሰዎቹን ያስተባበርኩትም እኔው ነኝ። እሷ ደግሞ የአባቴ እኅት ናት፤ እናቴ በወሊድ ከሞተች በኋላ አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ ያበቃችኝ። ከሽማግሌዎቹ በቀር ሌላው ሰው ሁሉ አንቱ ይላታል። እኔ ግን እናቴ ስለሆነች አንቺ እላታለሁ።

ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆኗል። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቅዳሴ እስኪገባ እንደምትጠብቅ ሁሉ እግሯን ሰብስባ ተቀምጣ ሽቅብ አየችን።

«በሉ ቀጥሉ» አለች። «ምን ቆማችሁ ታዩኛላችሁ?»

«እቴቴ፣ ተነሽ እንጂ። ብርድ ይመታሻል» አልኩ።

«ስልሳ ዓመት የረገጥኩት ውሃ ዛሬ ነው የሚመታኝ?»

ማንም ዶማ አላነሳም። ሁላችንም ጫማችንን እናያለን።

ቦታው ቆቅ ውሃ ይባላል። ከገነተ ማርያም በላይ፣ ገደል ሥር ያለ፣ ስድስት ጥማድ የሚሆን ጨፌ ነው። ውሃው አንድ ዓይን የለውም። ከገደሉ ግርጌ እንደ ላብ እየወዛ ይወጣና ጥቁሩ አፈር ውስጥ ይሰርጋል፤ ጨፌውን ሁሉ አርሶ ሲያበቃ ታችኛው ጫፍ ላይ ሴቶች የሚቀዱት ምንጭ ሆኖ ብቅ ይላል። መጋቢት ሲደርስ ዙሪያው ተራራ ሁሉ ይገረጣል፣ ከብቱም አጥንቱ ይቆጠራል። ቆቅ ውሃ ግን አረንጓዴ እንደሆነ ይከርማል። ያን አረንጓዴ የሚያለብሰው ቄጤማ ነው።

ስለ ቄጤማ የማውቀውን ያስተማረችኝ እሷ ናት። ልጅ ሳለሁ አንድ ዘለላ ቆርጣ ትሰጠኝና «በጣትህ አንከባልለው» ትለኝ ነበር። አይንከባለልም። «አየህ፣ ሣር ክብ ነው፤ አንጓም አለው። ቄጤማ አንጓ የለውም፤ ጎኑ ደግሞ ሦስት ነው።» አባቷ፣ አያቴ ቄስ ገብረ ዮሐንስ፣ ሦስቱን ጎን በጣታቸው እየነኩ ምሥጢረ ሥላሴን ያስተምሯት እንደነበር ደጋግማ ነግራኛለች። ከሥሩ በላይ ያለውን ነጩን ነክሰው ሲመጡት እንደሚጣፍጥም ያሳየችኝ እሷ ናት። ስለ ማጨድ ግን ቀልድ አታውቅም። «ቄጤማ ይታጨዳል እንጂ አይነቀልም። ማጭድህ ከነጩ ሁለት ጣት ከፍ ይበል። ነጩን ከነካኸው የልጅ ልጁን ገደልከው ማለት ነው።»

ለቀዳም ስዑር፣ የፋሲካ ዋዜማ ለሆነችው ቅዳሜ፣ ቄጤማውን አጭደው ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያመጡት ቄስ ገብረ ዮሐንስ ነበሩ። ካህናቱ ባርከው ለምእመኑ ያድሉታል፤ ሰውም እንደ ሻሽ ራሱ ላይ አስሮት ይውላል። እቴቴ በልጅነቷ ከአባቷ ጋር ስታጭድ አደገች። ከዚያ ተዳረችና ወደ ወገል ጤና አቅጣጫ፣ ባሏ አገር ወረደች። አሥራ አንድ ዓመት ኖረች። ልጅ አልወለዱም። ባሏ በሳንባ ምች ሲሞት በአንዲት በቅሎ ተጭና አባቷ ቤት ተመለሰች። አንድ ቀን እንዴት ነበር ብዬ ብጠይቃት፣ «ደግ ሰው ነበር፤ አገሩም እህል ይሰጣል» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ቄጤማ ግን የለም። አሥራ አንድ ፋሲካ ያለ ቄጤማ ዋልኩ። ራሴ ባዶ ሆኖ ነበር» አለች።

ስትመለስ አባቷ አርጅተው ነበርና ማጭዱን ከእጃቸው ተቀበለች። ሴት ልጅ ይህን ሥራ ትሥራ አትሥራ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ጭቃው ውስጥ ለመግባት የሚሻማት ሰው ስላልነበረ ነው። ለገና ሁለት አህያ ጭና ላሊበላ ትወርዳለች። ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለማኅበር የሚፈልግ ሰው ወደ እሷ ይልካል። እኔም አድጌ ላሊበላ አንድ ሆቴል አትክልተኛ ሆኜ ስቀጠር፣ በገና ሰሞን መግቢያው ላይ የሚጎዘጎዘው የእሷ ቄጤማ ነበር። እንግዶቹ ረግጠውት ሲያልፉ የሚወጣው እርጥብ ሽታ የቆቅ ውሃ ሽታ ነበርና፣ በቆምኩበት ቤቴ የገባሁ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ መጀመሪያ በሽታው፣ ቀጥሎ ጦርነቱ እንግዳ አጠፋ። ሆቴሉ ተዘጋ። ባለቤቴን ሰርክአዲስንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ወደ ሰፈሬ ተመለስኩ። የጠበቀኝ መሬት ግማሽ ጥማድ የማይሞላ ድንጋያማ ተዳፋት ነው። እንደ እኔ የተመለሱ፣ እንደ እኔ መሬት ያጠራቸው ብዙ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት የቤቴ ደጃፍ ላይ ቆሜ ያን ስድስት ጥማድ ጥቁር አፈር ሳይ ልቤ ይቆም ነበር። ውሃው ቢወጣለት ምን የማያበቅል አፈር ነው! በመካከሉ ቦይ ቢቀደድ ጨፌው ይጠነፍፋል፤ ነጭ ሽንኩርት ይዘራበታል። ዘጠኝ ሆነን ተደራጀን። ማመልከቻ አስገባን፤ ተፈቀደልን። ለእቴቴ አልነገርኳትም። ፈራሁ እንዳልል አልፈራኋትም። እንደምታዝን አውቄ ነው የደበቅኳት።

እንግዲህ ቦዩ ውስጥ የተቀመጠችው የዚያን ጊዜ ነው። ሰፈሩ ሰማና ሽማግሌዎች መጡ። ከሁሉ የሚከበሩት አቶ ቢሆነኝ ከቦዩ አፋፍ ላይ ቆመው ዱላቸውን ተደገፉ።

«ወለተ ሐና፣ ተይ እንጂ። እነዚህ ልጆች ምን ይብሉ?»

«አልብሉ አላልኩም።»

«በቄጤማ ስንት ሰው ይጠግባል?»

ያ ጥያቄ ዛሬም ይከነክነኛል፤ መልስ ስላልነበረው አይደለም፣ የዚያን ቀን መልሱን የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ እንጂ። እቴቴ ቀስ ብላ ተነሣች። እጄን ዘረጋሁላት። አልያዘችውም፤ አልገፋችውምም። በራሷ ወጣች።

«ከዳር ትንሽ ተዉልኝ» አለች።

«እቴቴ፣ ከዳር ከቀረ መሐሉም አይደርቅም» አልኳት።

«እንግዲያስ ነቅዬ ልውሰድ።»

ነቀላ የምትጠላዋ ሴት በዚያ ቀን በእጇ ነቀለች። አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ቄጤማ ከነሥሩ፣ ከነጭቃው ተሸክማ ወጣች። ከሰፈራችን ቦኖ የሚፈሰው ትርፍ ውሃ አንድ ጎድጓዳ ቦታ አለው፤ እዚያ ወስዳ አንድ በአንድ ተከለችው። አገር ሳቀ። ቄጤማ እግዜር የሚያበቅለው ነገር ነው፤ ማን ይተክለዋል? ሴቶቹ ውሃ ሊቀዱ ሲመጡ «እትዬ፣ አረሙ እንዴት ነው? መቼ ይወቃል?» ይሏታል። እሷም «ገና ነው፤ ጎተራ አዘጋጁ» ትላለች።

ጨፌው ጠነፈፈ። ነጭ ሽንኩርቱ በዚያ አፈር እንዴት ያለ ሆነ መሰላችሁ! ራሱ የሕፃን ቡጢ ያህላል። በዚያ ዓመት ቤቴን ቆርቆሮ አለበስኩ፤ ለእቴቴም ጋቢ ገዛሁላት። መርቃ ተቀበለችኝ። ልጆቼን እንደ ወትሮው ትስማለች፣ ሰርክአዲስ ስትታመም እንደ ወትሮው መጥታ ታበስላለች። ኩርፊያ የሚባል ነገር አልነበረም። አንድ ነገር ብቻ አስተዋልኩ። ወጥ ስትሠራ ነጭ ሽንኩርት አትጨምርም። ከእርሻዬ አንድ ቅርጫት ወስጄላት ነበር፤ ከሳምንት በኋላ ሄጄ ሳይ እንዳለ ተቀምጧል።

«ጨጓራዬን ያመኛል» አለችኝ።

ሠላሳ ዓመት የበላሁት የእቴቴ ወጥ ነጭ ሽንኩርት የሌለበት ቀን አልነበረም።

በሁለተኛው ዓመት መጋቢት ላይ ሰርክአዲስ ጄሪካኗን ግማሽ አድርጋ መጣች። «ምንጩ ቀጥኗል» አለች። ቦኖው ብቻውን ለሰፈሩ አይበቃምና በሚያዝያ ከጎሕ ጀምሮ ምንጩ ላይ ሰልፍ ሆነ። ምንጩ እንደ ክር ይወርዳል፤ ጄሪካን እስኪሞላ አንዲት ሴት ሦስት ጊዜ ትቀመጣለች፣ ሦስት ጊዜ ትነሣለች። እኔም ሞኝነቴ፣ ቦዩ ቢጠልቅ ብዙ ውሃ ይስባል ብዬ ጥልቅ አደረግኩት፤ እርሻችንስ ይጠጣ በሚል። ያ ጥቁር አፈር ግን ከላይ እየተሰነጠቀ፣ እየተፈረካከሰ ሄደ። ዱሮ ሲረግጡት የሚዋጠው መሬት እንደ አመድ ይቦን ጀመር።

በዚያ ዓመት በቀዳም ስዑር ከጨፌው አንድ ዘለላ ቄጤማ አልተገኘም። የደብራችን መሪጌታ አዳም ሐሙስ ዕለት ወደ እቴቴ መጡ።

«ወለተ ሐና፣ ከዚያች ከቦኖዋ ጥቂት ይገኝ ይሆን?»

«ይገኛል። ጥቂት ነው እንጂ።»

ዓርብ እየሰገደች ዋለች፤ ቅዳሜ በማለዳ አጨደች። ያ የተሳቀበት ቄጤማ የቦኖውን ፍሳሽ ተከትሎ ሠላሳ እርምጃ ያህል ሄዶ ነበር። ቢሆንም ለደብሩ ሕዝብ አይበቃም። መሪጌታ በየፈርጁ ሰነጠቁት፤ ለአንድ ሰው አንድ ቀጭን ክር ደረሰው። ሰልፉ ውስጥ ነበርኩ። ተራዬ ሲደርስ ክሯን ራሴ ላይ አደረጉልኝና አለፉ። ግንባሬ ላይ ያለችው ክር ከበደችኝ። ቀና ብዬ እቴቴን ፈለግኳት። ከሴቶቹ ጋር ቆማለች። ራሷ ላይ ቄጤማ የለም። በኋላ እንደሰማሁት የደረሳትን ለአንዲት እርጉዝ ሰጥታ ነበር።

ሐምሌ ላይ መጣብን። ከቀትር በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ገደሉ ላይ ወረደ። ዱሮ እንዲህ ያለ ጎርፍ ሲመጣ ጨፌው ላይ ይተኛል፤ ቄጤማው አንገቱን ደፍቶ ያሳልፈዋል። አሁን የሚያስተኛው የለም። ቦይ ቆፍረን መንገድ ጠርገንለታል። ክረምቱን የዘራነውን ድንች ላድን አካፋ ይዤ ሮጥኩ። የቦዩ አፋፍ ላይ ቆሜ ውሃውን ወደ ጎን ለመመለስ ስታገል እግሬ ሥር ያለው አፈር ተደረመሰ። ከመሬቱ ጋር ወረድኩ። ጭቃው እስከ ወገቤ ያዘኝ። ለመውጣት በታገልኩ ቁጥር ወደ ታች ይስበኛል። ውሃው ደረቴን መታኝ።

ድምፅዋን የሰማሁት ያኔ ነው። ከቦኖው ስትሮጥ መጥታለች፤ በስልሳ ስምንት ዓመቷ።

«ከፌ! አትቁም! ተጋደም!»

አልገባኝም። ሰው ውሃ ውስጥ ይጋደማል?

«አትታገል ብዬሃለሁ! በጀርባህ ተኛ! እጅህን ዘርጋ! ቄጤማ ሁን፣ ቄጤማ!»

ልጆች ሆነን ጨፌው ውስጥ ስንሰምጥ የምታስተምረን ይኸው ነበር። ተጋደምኩ። እግሬ በጥቂቱ ላላ። እሷ በደረቷ ተኝታ የለበሰችውን ጋቢ ወረወረችልኝና አንዱን ጫፍ ያዝኩ። እሷ ሌላውን ጫፍ ይዛ ትጮኻለች። አቶ ቢሆነኝና ጎረቤቶች የጭነት ገመድ ይዘው ደረሱ። ስድስት ሰው ጎትቶ አወጣኝ። ጫማዬና ሱሪዬ እዚያው ቀሩ። እቴቴ ራቁቴን በጋቢው ጠቅልላ፣ ፊቴን በነጠላዋ እየጠረገች፣ «ደህና ነህ፣ ደህና ነህ» ትላለች።

ዝናቡ ሲያባራ ቦያችን ሰው የሚውጥ ቦረቦር ሆኖ ነበር። የሦስት ሰው ማሳ አፈሩ ተጠርጎ ድንጋዩ ወጥቷል። የእኔ አንዱ ነው።

በማግሥቱ ቤቷ ሄድኩ። ለመናገር ያሰብኩት ብዙ ነበር። «እቴቴ፣ ይቅር በይኝ» ብዬ እግሯ ላይ ወደቅኩ። ብብቴን ይዛ አነሣችኝ።

«ይቅር ብያለሁ። አሁን ይቅርታውን ተወውና ድንጋይ ሰብስብ።»

በዚያው ሰሞን አዲስ የግብርና ባለሙያ ተመድባ መጣች፤ ፈትሂያ ትባላለች፣ የደሴ ልጅ። ቦረቦሩን ለካች፤ በየደረጃው የድንጋይ ክትር እንዲሠራና ክትሮቹ መካከል ከችግኝ ጣቢያ የሚመጣ ሣር እንዲተከል ሐሳብ አቀረበች። እቴቴ ሰምታ ስታበቃ ጠየቀቻት።

«ልጄ፣ ሣሩ ውሃ ውስጥ ቆሞ ያድራል?»

«ውሃ ውስጥስ ይከብደዋል፣ እማማ።»

«እንግዲህ ለውሃ ቤት የውሃ ልጅ ነው የሚሻለው። ነይ ላሳይሽ።»

ወደ ቦኖው ወሰደቻት። ፈትሂያ ተንበርክካ አንድ እፍኝ ቄጤማ ከነሥሩ አወጣች። ሥሩ መረብ ነው፤ አንዱ ከአንዱ ተጠላልፎ፣ ጭቃውን አቅፎ ወጣ። ጨመቀችው። ውሃ በክርኗ ወረደ። ለረጅም ጊዜ አገላብጣ አየችው።

«ትምህርት ቤት ሳይፐረስ ነበር የምንለው» አለች። «ስም ብቻ ነው የሸመደድነው። እንደ ስፖንጅ ነው ውሃ የሚይዘው።»

«ስፖንጅ ምንድነው?»

«ሆቴል ሰሃን የምናጥብበት ነገር» አልኳት እኔ።

እቴቴ ፊቷ አልተፈታም። «ሰሃን ማጠቢያ አልሽው?»

ፈትሂያ ሳቀች። «አይ እማማ፣ ማክበሬ ነው። እኛም ቤት እኮ ለዒድ ይጎዘጎዛል። እናቴ ቄጤማ ካልተጎዘጎዘ ዒድ መጣ አትልም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱን ማለያየት አልተቻለም። ፈትሂያ ሰባት ክትር ቀየሰችልን፤ ዘጠኛችንም ተሠለፍን፤ ሴቶቹ በእንቅብ ድንጋይ አመላለሱ። ክትሩ ጎርፍ ያመጣውን ደለል ሲይዝ፣ እቴቴ ከቦኖው ቄጤማዋን እየከፈለች ማስተከል ጀመረች። በአንድ ጉድጓድ ሦስት ቡቃያ፤ ሥሩ ጫፉ ላይ አዲስ ነጭ ጥርስ ያለው ይመረጣል፤ ውሃው ከጣት አይበልጥም፣ ከጣትም አያንስም። የተከልነውን እየዞረች ትነቀንቃለች። ላላ ካለ ታስነቅለናለች። አቶ ቢሆነኝን ሳይቀር አስነቅላቸዋለች።

የመጀመሪያው በጋ ግማሹን ገደለብን። ጥር ላይ ቢጫ ሆነ፣ የካቲት ላይ ደረቀ። የቀረውን ደግሞ አንድ በሬ ገብቶ ጋጠው። በሬው የአቶ ቢሆነኝ ነበር። እቴቴ የዚያን ቀን ክትሩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ሳድግ እንባዋን አይቼ አላውቅም ነበርና ምን እንደማደርግ ጠፋኝ፤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አቶ ቢሆነኝ በሬያቸውን ሊነዱ መጥተው አዩዋት። በማግሥቱ እሾህ ቆርጠው፣ በራሳቸው ትከሻ ተሸክመው መጥተው ጨፌውን ማጠር ጀመሩ። ሦስት ቀን ፈጀባቸው። አጥረው ሲያበቁ፣ «እኔ ነኝ የምጠብቀው» አሉ። ሽማግሌው የሰው ከብት እንደ ጭልፊት ሲያባርሩ ከረሙ።

በክረምቱ ደግመን ተከልን። የዚያን ጊዜ ያዘ። ሥሩ ክትር ለክትር እየተሻገረ ተገናኘ። ጎርፍ ሲመጣ ድሮ እንዳየሁት አንገቱን ደፍቶ ተቀበለው፤ ውሃው ሲያልፍ ደለሉን ትቶለት ሄደ። ቀጥሎ በመጣው መጋቢት ሰርክአዲስ ጄሪካኗን ሞልታ መጣች። ሚያዝያም አልጎደለባትም። እንቁራሪቱ ተመለሰ። ሁለት ይብራዎች ከየት እንደመጡ እንጃ፣ አንድ ማለዳ ውሃው ላይ ተንሳፍፈው ተገኙ። አልቅቱም ተመልሷል፤ እሱ እንኳ ባይመለስ ደስ ባለኝ። ጨፌው እንደ ዱሮው ነው ብዬ አልዋሽም። መሐሉ ላይ ቦረቦሩ የተወው ጠባሳ አለ፤ ፈትሂያ እንደምትለው ያን ለመሙላት የእኔ ዕድሜ አይበቃም።

ነጭ ሽንኩርቱንም አልተውነውም። ከጨፌው በላይ ባለው ዳርቻ፣ እርጥበቱ በሚደርስበት፣ ጠበብ አድርገን እናለማለን። እንደዚያኛው አይወፍርም። ይበላል ግን። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እቴቴ ቤታችን ገባች፤ ከማጀቱ ቆማ ሰርክአዲስ የምትሠራውን ወጥ አሸተተች።

«አንቺ ልጅ፣ ነጭ ሽንኩርት የለም እንዴ ቤታችሁ?»

እኔና ሰርክአዲስ ተያየን።

«ጨጓራሽስ?» አልኳት።

«ተሽሎኛል» አለች፤ ተቀምጣም መላጥ ጀመረች።

ባለፈው ጥቅምት ሰፈሩ የውሃ አባት ለመምረጥ ተሰበሰበ። የውሃ አባት ማለት የውሃን ተራና ሕግ የሚያስከብር ሰው ነው። ሴቶቹ ባንድ ድምፅ «ወለተ ሐና» አሉ። ከኋላ አንዱ፣ «አባት ሴት ትሆናለች እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። መሪጌታ አዳም «ስሙን እንቀይረዋለን እንጂ ሰውዋን አንቀይርም» አሉ። የውሃ እናት ይባል፣ አይ የጨፌ እመቤት ይባል እየተባለ ክርክሩ ሲረዝም እቴቴ ተነሣች።

«ስሙን ለእናንተ ትቻለሁ። እኔ የምለውን ስሙ። ከመስቀል እስከ ፋሲካ አንድ ሦስተኛው ይታጨድ፤ የቀረው ለውሃው ነው። ማጭድ ሳያሳየኝ የሚገባ የለም። የሚነቅል ሰው በማግሥቱ መቶ ጉድጓድ ይተክላል፤ ቄስም ቢሆን።»

መሪጌታ «ቄስም ቢሆን» ብለው በሳቅ ተቀበሉ። ፈትሂያ ጻፈችው።

ባለፈው ግንቦት ከገደሉ ማዶ ካለ መንደር አራት ሰዎች መጡ። እነሱም ጨፌያቸውን አድርቀው ምንጫቸው ነጥፏል። ቄጤማ ከነሥሩ ስጡን አሉ። እቴቴ አስቀመጠቻቸው፣ ጠየቀቻቸው፦ ውሃው ከየት ይወዛል? አፈሩ ጥቁር ነው ቀይ? ከብት ይገባል? መልሳቸው አላስደሰታትም። «ሄጄ ልየው» አለች። ወገቧ እያመማት ነው፤ ሰባን አልፋለች። ከለከልኳት። ሰርክአዲስም ለመነቻት። በቅሎ ጫኑልኝ አለች።

ሦስት ቀን ብላ ሄደች። በአራተኛው ሳትመጣ ቀረች። በሰባተኛው ስልክ አስደወልኩ፤ «ጭቃ ውስጥ ናቸው፣ አሁን አያናግሩም» አሉኝ። በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ የበቅሎዋን ኮቴ ሰምቼ ወጣሁ። ፊቷ በፀሐይ ጠቁሯል፣ ቀሚሷ እስከ ወገቧ ጭቃ ነው። አቅፌ አወረድኳት። ክብደቷ እንደ አንድ ነዶ ቄጤማ ቀሎኛል፤ ዓይኗ ግን የሃያ ዓመት ልጅ ዓይን ነው።

«እንዴት ነው ውሃቸው?» አልኳት።

«ውሃቸው ደግ ነው። ሰዎቹ ግን ሰነፎች ናቸው፤ ጥልቅ አድርገው ይተክላሉ።» ደጃፉ ላይ ቁጭ አለችና እግሯን ዘረጋች። «እግሬን አጥቡኝማ። ሰኞ እመለሳለሁ።»